የሚያነክስ ከተማ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ያላመነ ሰው ኢንጅባራ ይምጣ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ የወንድዬን ጌም ቤት ይጠይቅና የመስኮቱን ጠርዝ ይመልከት። እዚያ ጋ ቀለሙ የተላጠው በፈረስ አንገት ነው። እዚያው ቆሞ የተጠራጠረ ደግሞ ፈረሱን ራሱን ይጠይቅ። ዳማ ይባላል። እስካሁን ነገሩን አላስተባበለም።

«አባባ፣ እባክዎ ፈረሱን ውጭ ይተዉት!» አለች ፋና።

«ውጭ ነው ያለው» አሉ አያቷ።

እውነታቸውን ነው። አራቱም እግሮቹ ውጭ ናቸው። ሆዱም ጅራቱም ውጭ ነው። በመስኮቱ የገባው ከአንገቱ በላይ ያለው ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ሰው አላስቸገረም፤ የእግር ኳስ ጌም በሚጫወቱ ሁለት ልጆች ትከሻ መሐል ራሱን አሾልኮ ስክሪኑን ይመለከታል። አንደኛው ልጅ ጎል ሲያስቆጥር ዳማ ፉር አለ። ጎል የገባበት ልጅ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፦

«ወንድዬ፣ ይሄ ፈረስ ያደላል!» አለ።

ፋና ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ላፕቶፑን የሰጠቻት አክስቷ ማርታ ስትሆን፣ እሷ አዲስ ስትገዛ አሮጌው ለፋና ደረሰ። አሮጌ ሲባል እንዲሁ ለወጉ እንዳይመስላችሁ። አብርታው ወጥታ፣ ጓሮ ካለው ቀርከሃ ሥር ዶሮዎቹን አባርራ፣ እጇን ታጥባ ስትመለስ ገና «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ይጠብቃታል። ፋና ግን ትወደዋለች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ልትጭንበት ልቧ ቆሟል።

ነገሩ ጌም ነው። በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፤ ልጆቹ ግን «ከንቲባው» ይሉታል፤ ተጫዋቹ ከንቲባ ሆኖ ከተማ ስለሚገነባበት። ባዶ ሜዳ ይሰጥሃል። መንገድ ታወጣለህ፣ ቤት ታስገነባለህ፣ ውኃና መብራት ታስገባለህ፣ ሰው ይመጣል፣ ሰው ያማርራል። ዋጋው ሁልጊዜ ከፋና አቅም በላይ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ሰባ በመቶ ቅናሽ ተደረገበት፤ ቅናሹም እሑድ ማታ ያበቃል።

ፋና ደግሞ በግ ሸጣለች። ባለፈው ዓመት አያቷ ግልገል ሰጥተዋት፣ አሳድጋው፣ በመስቀል ሰሞን ተሸጠ። ገንዘቡ የሷ ነው፤ በቤታቸው ሕግ የልጅ በግ የልጅ ነው። እናቷ እታለማሁ ግን ጌም የሚባለውን ስትሰማ፦

«የማይበላ፣ የማይለበስ፣ በእጅ የማይያዝ ነገር?» አለች። ቀጥላም የፋናን ጫማ አየች። ጫማው ከፊት ለፊቱ አፉን ከፍቶ ነበር። «አባባ ያዩትና ደህና ነው ካሉ ግዢ። አይሆንም ካሉ ጫማ ትገዢበታለሽ። ከዚያ በኋላ ስለ ከንቲባ እንዳልሰማ።»

ፍርዱ ለአያቷ ለአያ አንዳርጋቸው የተሰጠው በከንቱ አይደለም። ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ድረስ ፈረስ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ከብሩ በፊት የሚፈልገው የሳቸውን ዓይን ነው። አንዴ ገበያ ላይ የአንድ ፈረስ ጥላ ብቻ አይተው «ቀኝ መንጋጋውን ያመዋል» ብለዋል። ፈረሱ አፉን ሲከፍት የመጨረሻው ጥርስ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጌም አያውቅም ብሎ መናቅ አይቻልም።

ችግሩ ግን ፋና በደስታ «ቅናሽ ነው እኮ አባባ! ሰባ በመቶ!» ያለች ጊዜ ተጀመረ። አያ አንዳርጋቸው ቀና አሉ።

«ለምን? ምን ሆኖ?»

«ምንም አልሆነም። ዝም ብለው ነው የቀነሱት።»

«ዝም ብሎ የሚቀንስ ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም። ሰውዬው ፈረሱን በሲሶ ዋጋ ልስጥህ ካለኝ፣ ያ ፈረስ ወይ ያነክሳል፣ ወይ ይራገጣል፣ ወይ የሌላ ሰው ነው። ነገ አብሬሽ ሄጄ አየዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ወጡ። ባጃጅ ቢይዙ ወዲያው ይደርሱ ነበር፤ ግን አያ አንዳርጋቸው ያለ ዳማ የትም አይሄዱም። ዳማን ይዘው ደግሞ አስፋልት አይረግጡም። በሜዳው ዞረው፣ ቦዩን ተሻግረው፣ በቀርከሃው ጥግ አልፈው፣ ጤዛ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነው ከተማ የሚገቡት። የሰፈሩ ልጆች «አያ አንዳርጋቸው አስፋልት ይፈራሉ» እያሉ ይስቃሉ። እሳቸው አይመልሱላቸውም። የሚያወሩት ከዳማ ጋር ነው፤ እሱንም በአዊኛ ነው የሚያነጋግሩት። ዳማ አማርኛም ይሰማል ይባላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ያልሰማ ይመስላል።

መንገድ ላይ አያ አንዳርጋቸው ለፋና አንድ ምክር ሰጧት።

«ስሚ ፋንዬ። እዚያ ስንደርስ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ። እንደወደድሽው ሻጩ ካወቀ አለቀልን።»

«አባባ፣ ዋጋው ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ነው። ፊቴን አያየውም።»

«ሁሉም ሻጭ ፊት ያያል።»

ፋናም ታዘዘች። የዚያን ቀን ከበሩ ገብታ እስክትወጣ ድረስ ፊቷ የክረምት ደመና መስሎ ዋለ፤ አንዲት ጥርስ እንኳ አላሳየችም። ውሸት ከሆነ ዳማ ይሙት!

ወንድዬ ባለ ጌም ቤቱ፣ ብርድ ስለማይችል ከፀጉር ቆራጭ ፊት ካልሆነ በቀር ኮፍያውን የማያወልቅ ጎልማሳ ነው። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛው በውጭ ካርድ መክፈል ስለሚችል፣ ጌም የሚፈልጉ ልጆች በሱ በኩል ያስገዛሉ፤ እሱም ለድካሙ ትንሽ ይቀበላል።

«አያ አንዳርጋቸው፣ እንዴት አደሩ? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ። መስኮቱን አየ። «ፈረሱም... ይመቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዕቃው የታል?»

«የቱ ዕቃ?»

«የምትሸጥላት።»

ወንድዬ ሳቁን ዋጠና የፋናን ላፕቶፕ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። ላፕቶፑ እስኪነሣ ድረስ ከጥግ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ መጣ። ብሥራት ነው፤ የፋና የክፍል ጓደኛ። ከእግሩ ይልቅ ምላሱ ይፈጥናል። ስለ ከንቲባው መጀመሪያ የነገራት እሱ ነው። ባሕር ዳር የአጎቱ ልጅ ላፕቶፕ ላይ መቶ ሺህ ሕዝብ ያለው ከተማ መገንባቱን ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ያውም ላፕቶፑ፣ «ቁርጥ የፋናን! ቀለሙ ራሱ!»

«አያ፣ እንዴት አደሩ? እንዳይሰጉ፤ ጌሙ አሪፍ ነው» አለ ብሥራት። «እኔ ጨርሼዋለሁ።»

«ከተማ ያልቃል እንዴ?» አሉ አያ አንዳርጋቸው።

መልሱንም ሳይጠብቁ ወደ ወንድዬ ዞሩ።

«እስቲ ንገረኝ። ለምን አረከሱት?»

«ከወጣ ቆየት ብሏል አያ። ቁጥር ሁለት የሚባለው ስለመጣ የፊተኛውን ቀነሱት።»

«አርጅቷል ማለት ነው። ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት ይሆነዋል።»

«ስድስት? ስድስትማ ለጋ ነው!» አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። ወዲያው ግን ምክራቸው ትዝ አላቸውና መልሰው አጠቆሩት። «ጥርሱን አሳየኝ።»

ወንድዬ ራሱን አከከ። ፋናን አየ፤ ፋና ጣሪያውን አየች። በመጨረሻ ወንድዬ ብልህ ነውና፣ ጌሙን የገዙ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ከፈተ። «ይኸው አያ። የጋለቡት ሰዎች የሚሉት ይህን ነው። ብዙዎቹ ወደውታል። ይሄኛው ‹ውብ ነው› ይላል። ይሄኛው ‹ከተማ ስሠራ ራቴን አሳረርኩ› ይላል። ይሄኛው ደግሞ ‹ሚስቴ ትታኝ ሄደች› ብሏል።»

«በሱ ምክንያት?»

«ሌት ተቀን እሱን ሲጫወት።»

አያ አንዳርጋቸው አሰቡ። «ያ የፈረሱ ጥፋት አይደለም» ብለው ፈረዱ። «አሁን ተቀመጪበት።»

ለሙከራ የሚሰጠው ነጻ ዴሞ ላፕቶፑ ላይ ተጭኖ አለቀ። ፋና ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሜዳ ተዘረጋ፤ በአንድ በኩል ወንዝ፣ በሌላ በኩል ጫካ። አንድ መንገድ አወጣች። ግራና ቀኙን ለቤት ሰጠች። ቀጥሎ ትንንሽ መኪኖች ዕቃ ጭነው መጡ፤ ቤቶች ከመሬት ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዲት ሴትዮ ከቤቷ ወጥታ ውሻዋን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ፋና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ይህችን ሴትዮ እዚህ ያመጣቻት እሷ ናት። ባዶ ሜዳ ላይ ጣቷን ባታሳርፍ ኖሮ ሴትዮዋም ውሻዋም የሉም።

«እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የሚመጡት?» አሉ አያቷ ከጀርባዋ ጎንበስ ብለው።

«ከውጭ ነው አባባ። ቤትና ሥራ ካለ ይመጣሉ።»

«እዚያ ዘመድ ሳይኖራቸው?»

«አዎ።»

«ደፋሮች ናቸው። ውኃስ?»

ውኃውን ረስታው ኖሯል። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ብሥራት ወዲያው ማውሱን ቀማት። «ቆይ እኔ ላሳይሽ። እኔ እኮ መቶ ሺህ ሕዝብ ያጠጣሁ ሰው ነኝ።» ከወንዙ የመጠጥ ውኃ ማውጫ ተከለ። ከዚያ የፍሳሽ መልቀቂያውን ከሱ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል አስቀመጠ።

ፋና አየችው። ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ በትንንሽ ቀስቶች ተስሏል። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሁሉ ታመመ፤ አምቡላንሶች ይርመሰመሱ ጀመር። ውሻ የያዘችው ሴትዮም ቤት ላይ የሕመም ምልክት ወጣ። መቶ ሺህ ሕዝብ ያጠጣ ሰው ይህን ይስታል? ፋና ማውሱን መልሳ ወሰደችና ፍሳሹን ወደ ታች አወረደችው። ሆዷ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ ተቀመጠች።

«ለስላሳ ግልቢያ ነው» አሉ አያ አንዳርጋቸው። «በሉ አሁን ዋስ አምጡ።»

«የምን ዋስ?» አለ ወንድዬ።

«ፈረስ ያለ ዋስ ይገዛል እንዴ? ሻጩማ የራሱን ያወድሳል። ፈረሱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ‹አውቀዋለሁ፤ ነውር ቢገኝበት ወደኔ ኑ› ይላል። ከዚያ ነው እጅ መትተን የምንዋዋለው። የዚህ ጌም ዋሱ ማን ነው?»

«እኔ!» ብሥራት ደረቱን ነፋ። «እኔ ዋስ እሆናለሁ!»

«ጎበዝ። ና ወዲህ።»

አያ አንዳርጋቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታቸውን አቆሙ። ብሥራትን ክንዱን ይዘው መስኮቱ ጋ አቆሙት፤ ቀኝ እጁን አንሥተውም ዳማ አንገት ላይ አሳረፉት።

«እንዲህ በል። ‹ይህን ጌም አውቀዋለሁ። የፋናን በሚመስል ላፕቶፕ ላይ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ነድቼዋለሁ። ነውር ቢገኝበት የበጓን ዋጋ እኔ እተካለሁ።›»

«ይህን ጌም አውቀዋለሁ» አለ ብሥራት፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «የፋናን በሚመስል...» ድምፁ ወረደ። ዳማ አንገቱን አዙሮ ከቅርብ ተመለከተው። የፈረስ ዓይን ትልቅ ነው፤ ብሥራት ራሱን እዚያ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ሳያየው አልቀረም። «የፋናን በሚመስል ላፕቶፕ ላይ... በዓይኔ... አይቼዋለሁ... ቪዲዮ ላይ።»

ኳስ ተጫዋቾቹ ተያዩ።

«ቪዲዮ ላይ?» አለች ፋና።

«ዩቲዩብ።»

«መቶ ሺው ሕዝብስ?»

«የሌላ ሰው ነው። የአንድ ጢማም ፈረንጅ።»

«የአጎትህ ልጅ ላፕቶፕስ?»

ብሥራት መሬት መሬት አየ። «የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ የለውም። ባሕር ዳርም አይደለም። እዚሁ አዲስ ቅዳም ነው የሚኖረው፤ ከሰል ያስጭናል።»

አንዱ ኳስ ተጫዋች ሳቀ። ፋና ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ለእናቷ «ብሥራት አይቶታል፣ ብሥራት ሞክሮታል» እያለች ስትከራከር ነበር። ልትጮኽበት አፏን ከፈተች። እጁ ግን እስካሁን ዳማ አንገት ላይ ነው፤ ማንሣቱን ረስቶታል።

«ለምን?» አለችው ብቻ።

«አንቺ ካልገዛሽው እኔ የት አየዋለሁ?» አለ። ይህን ሲል አልቀለደም። የብሥራት ስልክ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በግ ደግሞ ኖሮት አያውቅም።

አያ አንዳርጋቸው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ደላላ ነኝ ብትል ምንም አልልህም ነበር» አሉት። «ደላላ መቶ ሺህም፣ ሁለት መቶ ሺህም ቢል ሥራው ነው፤ ማንም አይቀየመውም። ዋስ ነኝ ያልከው ነው ያበላሸህ። በል ዋስነቱን አውርድና ደላላ ሁን።»

«እሺ አያ» አለ ብሥራት። «ደላላ ሆኜ ግን... እውነት አሪፍ ነው።»

በዚህን ጊዜ ወንድዬም ሳቀ። ፋና ግን ያው ፊቷ ጥቁር ነው።

«እንግዲህ ዋስ ከሌለ ዳገት ማውጣት ብቻ ነው የቀረን» አሉ አያ አንዳርጋቸው። «ሜዳ ላይማ ሁሉም ይሮጣል። ጭነት ጫኑበትና ልየው።»

ዴሞው ውስጥ ለማሳያ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ትልቅ ከተማ አለ። ወንድዬ ከፈተው። መጀመሪያ ላፕቶፑ አቃሰተ። ቀጥሎ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ድልድዮች፣ ባቡሮች፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ እንደ ጉንዳን የሚተራመሱ መኪኖች። ብሥራት «ኧረ በስመ አብ!» አለ። ወዲያው መኪኖቹ ቆሙ። ትንሽ ሄዱ። ቆሙ። ባቡሩ አንዴ እዚህ ታየ፣ ሌላ ጊዜ እዚያ፤ መሐሉን በየት በኩል እንዳለፈ አይታወቅም። የላፕቶፑ ማራገቢያ ያጓራ ጀመር። አያ አንዳርጋቸው መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አስደግፈው፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አላበው» አሉ። ቀና ብለውም ስክሪኑን አዩ። «ይኸው! አነከሰ!»

እንዲህ እንዳሉ ዳማ በመስኮቱ ትንሽ ገፋ ብሎ ገባ፤ የመስኮቱ ቀለም የተላጠውም ያኔ ነው። ከንፈሩን አሹሎ፣ ከሁሉም ቁልፎች መርጦ ረጅሙን ተጫነ። ከተማው በሙሉ ባለበት ቀጥ አለ። አውሮፕላኑ አየር ላይ፣ ባቡሩ ድልድይ ላይ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ማራገቢያውም ዝም አለ።

«የማቆሚያው ቁልፍ ነው» አለ ወንድዬ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ያወለቀው ከመገረሙ የተነሣ ነው፤ ወዲያው በርዶት መልሶ አደረገው።

ፋና ጫማዋን አየች። ጫማው አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ጌሙ ነው ወይስ ላፕቶፑ?» አለች።

«ጌሙ ደህና ነው» አለ ወንድዬ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። «ላፕቶፕሽ ነው አቅም የሌለው። እንዲህ ያለ ከተማ አይሸከምም። ከገዛሽው በኋላ ብትመልሺው ደግሞ ብርሽ ለባለ ካርዱ ጓደኛዬ እንጂ ላንቺ አይመለስም። አስቢበት።»

አያ አንዳርጋቸው የሚሉትን ያውቁ ነበር፤ ግን የልጅ ልጃቸውን ፊት እያዩ የመጨረሻውን ቃል ማውጣት ከበዳቸው። ወደ መስኮቱ ሄደው የዳማን ግንባር ማሻሸት ጀመሩ።

ፋና በዓይኗ ተከተለቻቸው። የዳማ ጉልበት ላይ እስካሁን ጤዛና ሣር ተጣብቋል። ዙሪያ ጥምጥም ከመጡበት የሜዳ መንገድ የያዘው ነው። አስፋልቱ ግን እስከ ጌም ቤቱ በር ድረስ ይመጣል።

«አባባ፣ ዳማን ከየት ነው የገዙት?»

«ከዳንግላ ገበያ። ለምን ጠየቅሽ?»

«በስንት?»

አያ አንዳርጋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደህና ዋጋ ነው።»

«በቅናሽ ነው?»

አያ አንዳርጋቸው የዳማን ጋማ በጣታቸው ያበጥሩ ጀመር። ኳስ ተጫዋቾቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ብሥራትም።

«አባባ፣ ለምን ቀነሱልዎ?»

«አስፋልት ላይ ያነክሳል» አሉ አያ አንዳርጋቸው፣ ዳማ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ድረስ ዓይናቸው የሚለመን ሰው!

«እያወቁ ገዙት?»

«እያወቅሁ ነው እንጂ! ተታለልኩ መሰለሽ? ዋሱ ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ሰኮናው ጠንካራ ነገር አይወድም። እኔ ደግሞ አስፋልት ላይ ምን ጉዳይ አለኝ? ሣር ላይ ልቀቂው። ሣር ላይ ይህን የሚቀድም ፈረስ በአዊ ምድር የለም።» ይህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት፤ ዳማ ቢሰማው ግድ የላቸውም።

ፋና ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች። ትልቁን ከተማ፣ ሰውዬውን እግሩን እንዳነሣ ትታው ዘጋችው። የራሷን መንደር ከፈተች። ሴትዮዋ ድናለች፤ ውሻዋን ይዛ ወጥታለች። መኪኖቹ ሳይደናቀፉ ይሄዳሉ። ፋና አንድ ትምህርት ቤት ጨመረች። ላፕቶፑ ዝም። የገበያ ቦታ ጨመረች። ዝም። ሁለተኛ መንገድ፣ መናኸሪያ፣ ከወንዙ ማዶ የድንች ማሳ የሚመስል እርሻ። ማራገቢያው አንዴ ተነፈሰና ተወው።

«ፎቅ ጨምሪ» አለ ብሥራት። ራሱን መያዝ አልቻለም።

«ፎቅ የለም።»

«አንድ ብቻ!»

«የለም።»

«አውሮፕላን ማረፊያስ?»

«ምን ያደርግላቸዋል? ባጃጅ አላቸው።» ጥቂት ቤቶችን ጨምራ፣ ጆሮዋን እንደ አያቷ ወደ ላፕቶፑ አስጠጋች። ከዚያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። «የኛን ኢንጅባራ ካከለ ይበቃኛል።»

አያ አንዳርጋቸው መዳፋቸውን ላፕቶፑ ጎን ላይ አሳረፉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«አላላበውም» አሉ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ድርድሩ ነው። አያ አንዳርጋቸው ወንበር ስበው ከፋና ኋላ፣ ከወንድዬ ትይዩ ተቀመጡ፤ ፊታቸው የምድጃ ጥቀርሻ መስሏል።

«በል እንግዲህ፣ ነውሩን አይተናል። ስንት ትቀንሳለህ?»

«አያ፣ ዋጋውን እኔ አይደለሁም የምቆርጠው።»

«ለባለቤቱ ደውልለታ።»

«ባለቤቱ ፈረንጅ አገር ነው።»

«ፈረንጅ ስልክ የለውም?»

ወንድዬ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል፣ ዓይኑ ፋና ላይ አረፈ። ፋና ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራለች። ወንድዬ ቆየት ብሎ አያት፤ ከዚያ የአንገት ልብሱን እያስተካከለ፦

«የባለቤቱን መንካት አልችልም» አለ። «የኔን የድካም ግን ትቼዋለሁ። ለዛሬ ብቻ። ይልቅ ከፈረሱ ጋር ፎቶ አንሡኝ፤ በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

አያ አንዳርጋቸው ብድግ ብለው እጁን መቱት። ወደ ፋናም ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፦ «አየሽ?» አሉ። «ፊት ነው!»

ጌሙ ተገዛ። ወርዶ እስኪያልቅ ጉሙ ተነሣ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ዳማ ከመስኮቱ ወጥቶ የአጥሩን ሥር ሣር ነጨ። በመጨረሻ አዲሱ ሜዳ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፤ የሙከራ ያልሆነ፣ የፋና የራሷ። ጌሙ የከተማውን ስም ጠየቀ። ብሥራት በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል፤ ሊሄድ ነው፣ ግን አልሄደም።

«ና» አለችው ፋና፣ ዞር ሳትል። «የቆሻሻ መኪናዎቹ ያንተ ናቸው።»

«የቆሻሻ?»

«ፍሳሹን ደግሞ እንዳትነካ።»

ብሥራት ወንበር ጎትቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ፋና የመጀመሪያውን መንገድ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አሰመረች። ቤት ከመሥራቷ በፊት ግን ቆም ብላ አሰበች፤ ከመንገዱ ጎን ለጎን፣ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ምንም የማይሠራበት ሰፊ የሣር መስመር ተወች።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለ ብሥራት።

«ለሚያነክስ» አለች።

ታሪኩ ይኸው ነው። የፈረሱ አንገት እውነት ነው። ረጅሙን ቁልፍ መርጦ መጫኑም እውነት ነው፤ ፎቶውም ዛሬ ድረስ በሩ ላይ አለ፤ ወንድዬ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ዳማ አልጨፈነም። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ እሷም ዳማ ይሙት ብዬ የማልኩባት ናት። ዳማን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ፉር ብሎ አለፈኝ። ፋና ፊቷን አላጠቆረችም። ልታጠቁረው ሞክራ ነበር፤ ያ የመጀመሪያው መንገድ ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ ውሻዋን ይዛ ስትወጣ፣ በተለይም ያ ድርድር ሲካሄድ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ጥርስ ብቻ ነበረች። አያቷ ከጀርባዋ ስለነበሩ አላዩም። ወንድዬ ግን ፊት ለፊቷ ነበር፤ ሁሉንም አይቷል።